ነጥብ የጎደለው ፓራውልት

አያ ቢሻው በሕይወት እያለ ተዝካሩ የተበላለት ሰው ነበር። ይህን የነገረኝ ራሱ ነው፤ ወናፉን እየነፋ፣ ስለ ዝናብ እንደሚያወራ ሰው አድርጎ። ጠላ ተጠምቆ፣ ቄስ ተጠርቶ፣ አገር ጠግቦ ሄዷል። ሟች ግን ያን ቀን ቆሰበር ቁጭ ብሎ ልጓም ይቀጠቅጥ ነበር።

ቀጥቃጭ ነበር። ቤቱ ከቆሰበር ወጣ ብሎ ወደ ዘንገና በሚወስደው የእግር መንገድ ዳር ነው፤ ጎረቤት ቢጣራ ከማይሰማበት ቦታ። በጥር ጊዮርጊስ ሜዳውን የሚያንቀጠቅጡት ፈረሰኞች ሁሉ እግራቸውን የሚያስገቡት እሱ በሠራው እርካብ ነበር። እሱ የቀጠቀጠውን ብረት ፈረሳቸው አፍ ውስጥ ይከታሉ። ከእሱ ቅል ውሃ የሚጠጣ ግን አንድም ሰው የለም። ዓይኑ ይበላል ይሉታል። ገበያ ላይ ሲያልፍ እናቶች ልጆቻቸውን በነጠላ ይሸፍናሉ። ምን ዓይነት ሰዎች ነን እላለሁ አንዳንዴ፤ ከዚያ እኔም አንዱ መሆኔ ትዝ ይለኛል።

ሸዕባን እባላለሁ፤ የዳንግላ ሰው ነኝ። በ1951 ዓ.ም. የአጎቴን የሙሐመድሰዒድን ጂፕ እነዳ ነበር። አጎቴ ባለሱቅ ነው፤ ጂፑን ደብረ ማርቆስ ላይ ገዛው። ከጦርነቱ የተረፈ፣ ጧት ሲነሳ ከሽማግሌ የባሰ የሚያስል መኪና። ጨውና አቡጀዲ ይዤ ከቆሰበር ወደ ቻግኒ እወርዳለሁ፣ በርበሬና ማር ይዤ እወጣለሁ። መንገድ ይባላል እንጂ ጉቶና ድንጋይ ነው። የፊት ፓራውልቱ፣ ግጭት የሚመክተው ብረት፣ ከአንድ የዋንዛ ጉቶ ጋር ተጋጭቶ ቀርቷል፤ ከሞተሩ ሥር ያለው የዘይት ቋትም ሁለት ጊዜ ተበስቶ ዘይቱን አፈሰሰ። አጎቴ፣ "ሦስተኛ ካፈሰስክ ጨዉን በጀርባህ ታወርደዋለህ" አለኝ። አጎቴ ደግሞ ሲቀልድ አይታወቅም። ብየዳ በአካባቢው የለም። ስለዚህ ኅዳር ላይ አያ ቢሻው ዘንድ ሄድኩ።

ፊት ለፊት "እርስዎ" እለው ነበር፣ ሥራ ፈልጌ ነዋ። ከኋላው እንደ ሌላው ሰው "እሱ" ነበር የምለው፤ አሁንም ምላሴ ለምዶ እንደዚያው እጽፋለሁ።

ጂፑን ሦስት ጊዜ ዞረው። ኮፈኑን በመዳፉ ዳሰሰ፣ ጎንበስ ብሎ ሆዱን አየ፣ ጎማውን ገፋ አደረገ። ፈረስ ሊገዛ የመጣ ነው የሚመስለው፤ ጥርሱንም ሊያይ ይሆናል ብዬ ጠበቅሁ።

"ሆዱ ራቁቱን ነው" አለኝ። "ደረቱም። እንዲህ አድርገህ ነው ጫካ የምታስገባው?"

ብረቱን ያገኘነው ጣሊያን ከመንገድ ዳር ጥሎት ከሄደው የካሚዮን ሬሳ ላይ ነው። ሁለት ቀን ሙሉ ስንፈታና ስንቆርጥ ዋልን። ከሻንሲው ወፍራም ብረት ፓራውልቱን ሠራ፤ ጫፍና ጫፉን አግሎ ወደ ኋላ ቆለመመው፣ ጉቶ እንዳይዘው። ቀዳዳዎቹን ብረቱ ፍም እንደሆነ በሹል ብረት ነበር የሚበሳቸው። ከወለሉ ላሜራ የሆድ መከለያ አወጣ። ላሜራውና ሻንሲው እየተጋጩ እንዳይጮሁ በመካከላቸው የበሬ ቆዳ አስገባ፤ "ኮርቻ ያለ ግላስ አይጫንም" ብሎ። ቡሎኑን ባጠበቀ ቁጥር ጂፑን በመዳፉ መታ መታ ያደርገዋል፣ አይዞህ እንደማለት።

አሥራ ሁለት ቀን አብረን ዋልን። በየቀኑ እኩለ ቀን ላይ ቆሎ በሰፌድ፣ ውሃ በቅል ያቀርብልኛል።

"ጾም ነኝ" እለዋለሁ።

ረመዳን ገና ሦስት ወር ይቀረው ነበር። የመጀመሪያ ቀን አመነኝ መሰለኝ። በአምስተኛው ቀን ፈገግ ብሎ፣ "የእናንተ ጾም ከእኛም ባሰ እኮ" አለኝ። ከዚያ በኋላም ማቅረቡን አልተወም፤ እኔም መጾሜን አልተውኩም። ከቤቱ ራቅ ብዬ ከምንጭ በእጄ እየጨለፍኩ እጠጣ ነበር። ያየኝ ይመስለኛል።

በመጨረሻ ከፓራውልቱ በላይ፣ ከአንዱ መብራት እስከ ሌላው፣ ድፍን ብረት ገጠመለት። "ፈረስ የሚመታው በደረቱ ነው" አለ። እኔም ሾፌር ነኝ ባይ፣ ውበቱን እያየሁ ዝም አልኩ። ልሞክረው ወጥቼ የአንድ አቀበት እኩሌታ ላይ ስደርስ ጂፑ እንፋሎቱን ለቀቀ። ራዲያተሩ ነፋስ አጥቶ ፈልቷል። አቀዝቅዤ እየተቆጣሁ ተመለስኩ፤ ቁጣዬ ግን የእሱን ፊት ሳይ ጠፋ። እጁን አፉ ላይ ጭኖ ቆመ።

"ለካ በደረቱ ነው የሚተነፍሰው!" አለ። "አፍኜው ነበራ!"

ቀኑን ሙሉ በመሮና በመዶሻ ሲበሳው ዋለ፤ አሥራ አንድ ረጃጅም ቀዳዳ አወጣለት። ከዚያ ወዲህ ጂፑ ፈልቶ አያውቅም።

ስንት ልክፈል አልኩት። ሂሳብ አልፈልግም፣ ቦታ ነው የምፈልገው አለኝ። አንድ ቀን ወደ ቻግኒ ስወርድ ከጎኔ መቀመጫ።

የተዝካሩን ነገር የነገረኝ ያን ጊዜ ነው። ወርቅአየሁ የምትባል አንዲት ልጅ ነበረችው። እናቷ በልጅነቷ ሞታባት ያደገችው ከወናፉ ሥር ነው። እሱ በሠራው ዕቃ ሁሉ ላይ ምልክት ያደርጋል፤ አንድ ጭረት፣ ከሥሩ ሦስት ነጥብ። ጭረቱን እሱ ይመታል፣ ነጥቦቹን እሷ። ልጅቱ አሥራ አምስት ዓመት ሲሞላት ማንም እንደማይጠይቃት አወቀ። የቀጥቃጭ ልጅ ማን ያገባል? ወደ ቆላ የምትወርድ አንዲት መነኩሴ አገኘና ልጁን ከእሷ ጋር ሰደዳት። ስትሄድ፣ "አባቴ ገበሬ ነበር፣ ሞቷል በያቸው" ብሎ መከራት። ልጅቱ ታዛዥ ናት፤ እንዳላት አለች። ከቻግኒ ወዲህ ካለች መንደር ደኅና ባል አገባች። የባሏ ቤተሰቦችም ደጎች ናቸው፤ ለሞተው አባቷ ተዝካር አወጡላት።

"ጥሩ ድግስ ነበር አሉ" አለኝ። "ዘጠኝ ዓመቴ፣ ከሞትኩ። አንድ ጊዜ ብቻ ልያት። አላናግራትም። መንገደኛ ሆኜ አይቻት ልለፍ።"

እሺ አልኩት። በሚቀጥለው ማክሰኞ አልኩት።

ማክሰኞ ጋቢውን አጥቦ ከመኪናው መንገድ ዳር ካለች አንዲት የብሳና ዛፍ ሥር ቆሞ አገኘሁት። መኪናው ውስጥ አራት ሰው ነበር። አንዷ ሴትዮ ቀድማ አየችውና፣ "እሱ ከወጣ እኔ እወርዳለሁ" አለች። ሌሎቹም ጉልበታቸውን ሰበሰቡ። ሳላቆም እጄን አውለብልቤለት አለፍኩ። በሳምንቱም ሰው ነበር። በሌላውም። ታኅሣሥ አለቀ፣ ጥር አለቀ፣ ጾሙ ገባ፣ ፋሲካ ወጣ። ማክሰኞ ማክሰኞ ነጭ ጋቢ ለብሶ ከዚያች ብሳና ሥር ይቆማል። አንድ ቀን እንኳ ለእሱ ብዬ መኪናውን ባዶ ማድረግ አቅቶኝ አልነበረም፤ አፍሬ ነው። በእሱ ነው ያፈርኩት። ይህን ለመጻፍ ስንት ዓመት እንደፈጀብኝ እኔ ነኝ የማውቀው።

በሚያዝያ መጨረሻ አንድ ማክሰኞ ጨው ብቻ ጭኜ ነበር። አቆምኩለት። የቆምኩት ለእሱ መሆኑ ገብቶት እስኪመጣ ድረስ ጊዜ ወሰደበት።

ስንወርድ የልጁን መንደር ሳናቆም አለፍን። "ስንመለስ ይሁን፤ መጀመሪያ ልቤን ልሰብስብ" አለኝ። ቻግኒ ጨዉን አራገፍኩ፤ እሱ ከመቀመጫው አልወረደም። ስንመለስ መንደሩ መሀል አቁሜ ኮፈኑን ከፈትኩ። ውሃ ፈላብኝ ልል ነው። መኪና ብርቅ ስለሆነ ሰው ወዲያው ወጣ። አያ ቢሻው እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ አፉን በጋቢው ሸፍኖ ተቀምጧል። እስከዚህ ድረስ ሁሉም እንዳሰብነው ነው።

ከመጡት መካከል አንድ ሰው ፈረስ ይዞ ነበር። አያ ቢሻው ሰውየውን ሳይሆን እርካቡን አየ። የራሱ እጅ ሥራ ነው።

"ያ ሰው ያውቀኛል" አለኝ በሹክሹክታ። በወዲያኛው በኩል ወርዶ፣ መፍቻ አንስቶ፣ ከነነጭ ጋቢው ከጂፑ ሥር ገባ።

ልጮህበት ነበር። ዘጠኝ ዓመት ጠብቆ፣ አምስት ወር ከዛፍ ሥር ቆሞ፣ ዛሬ በመጨረሻው ሰዓት ራሱ በሠራው ላሜራ ሥር በጀርባው ተኛ! ግን ምን ልል እችላለሁ? "ከታች አንድ ቡሎን ላልቷል" ብዬ ለሰዉ አወራሁ።

"ወርቅአየሁ!" አለች አንዲት አሮጊት። "ለመንገደኛው ውሃ አምጪለት።"

መጣች። ረዘም ያለች፣ እንደ አባቷ ቀጭን ሴት ናት። አንድ የሦስት ዓመት ልጅ ቀሚሷን ይዞ ይከተላታል። እንስራዋን አውርዳ ውሃውን በቅል እየቀዳች አቀበለችኝ፤ ጠግቦ የነበረውን ራዲያተር ደግሜ አጠገብኩት። ስትመለስ እጇ ፓራውልቱ ላይ አረፈ። አልተነሳም። ጣቷ ጭረቱን አገኘው። ከዚያ ዝቅ ብሎ ባዶውን ብረት ዳሰሰ፣ አንድ ቦታ፣ ሁለተኛ ቦታ፣ ሦስተኛ ቦታ።

"ይህ ብረት ነጥብ ይጎድለዋል" አለች።

"የምን ነጥብ?" አለች አሮጊቷ፤ አማቷ ናት።

"ምንም።" ወደ እኔ ዞረች። ድምፅዋ ውሃ ስትሰጠኝ እንደነበረው ነው። "የሠራው ሰውዬ ደኅና ነው?"

"ደኅና ነው" አልኳት። ከዚያ አላስቻለኝም። "ብቻውን ነው።"

ከታች፣ ከላሜራው ሥር፣ በመፍቻ ብረት ሲመታ ተሰማ። ቀስ ብሎ፣ ሦስት ጊዜ።

 ወርቅአየሁ ቅሉን ሞልታ ቀዳችና ከጎማው አጠገብ መሬት ላይ አስቀመጠችው። "ከሥር ያለው ሰውዬ ይጠማው ይሆናል" አለች። ጅማቱ የወጣ፣ በእሳት የተጠባበሰ እጅ ወጥቶ ቅሉን ወሰደ። ሲውጥ ይሰማል። ቅሉ ግማሽ ሆኖ ተመለሰ።

አንስታ የቀረውን ጠጣችው። ሰዉ ሁሉ እያየ፣ እስከ ጠብታው።

"ምነው አንቺ!" አለች አማቷ። "ማን የጠጣበትን!"

"ጠምቶኝ ነው፣ እማማ" አለች።

ኮፈኑን ዘጋሁ። አያ ቢሻው በወዲያኛው በኩል ፊቱን በጋቢው ጠቅልሎ ገባ። ጋቢው አፈርና ዘይት ብቻ ሆኗል። ሁለት ኮረብታ አለፍን።

"እግሯን አየሁ" አለኝ በመጨረሻ። "ተረከዟ ተሰነጣጥቋል። ትንሿም እግር… ወንድ ነው ሴት?"

"ወንድ።"

"ማንን ይመስላል?"

"አማቷን" አልኩት። ምን ነበር ያኔ ብዋሽ።

ጥቂት እንደሄድን፣ "ውሃውን ደፋችው?" አለኝ። ከሥር ሆኖ አላየማ።

"አልደፋችውም፤ ጠጣችው።"

"ከእኔ በኋላ?"

"ከእርስዎ በኋላ። ሁሉንም።"

ዘወር ብሎ በወዲያኛው በኩል ጫካ ጫካውን ያይ ጀመር። ቆሰበር እስክንደርስ አራት ጊዜ ጠየቀኝ፤ አራት ጊዜም ነገርኩት። በአራተኛው ሳቀ። አያ ቢሻው ድምፅ አውጥቶ ሲስቅ የሰማሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ደጃፉ ላይ አወረድኩት። ፀሐይ ገና አልጠለቀችም፤ ቀኑን ሙሉ እህልም ውሃም አልቀመስኩም፣ ጉሮሮዬ ደርቋል። ገባና በሁለት እጁ ቅል ይዞ ወጣ። ጢሙ ላይ አፈር አለ፣ ዓይኑ ያበራል። ያን ቅል ሲዘረጋልኝ የሚከለክለኝ ነገር ያለ አልመሰለውም።

"በል እንካ ልጄ፣ ደክሞሃል፤ ጠጣ።"

"ጾም ነኝ" አልኩት።

ሳላስበው ነው ከአፌ የወጣው። ልመልሰው አልቻልኩም። እሱም እንደ ድሮው ፈገግ አላለም። ቅሉን በመዳፉ ከድኖ፣ "እግዜር ይቀበልህ" አለኝና ገባ።

ረመዳን ካለፈ ከሦስት ሳምንት በላይ ሆኖት ነበር። እሱም ያውቃል።