ፉንዲ የሄዱበት ጠዋት

ውሃ የተረጨበት ጨርቅ ላይ ትኩስ ካውያ ሲያርፍ የሚወጣው ሽታ ነው ትዝታውን ያመጣብኝ። ልጄ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ባለው አፓርታማችን ለነገ ሺፍቷ ዩኒፎርሟን ትተኩሳለች። የልጅ ልጄ ናሆም ከላፕቶፑ ቀና አለና፣ «እማማ፣ ኬንያ ከእንግሊዝ ነጻ የወጣችበትን ዴት ታውቂያለሽ? ቴስት አለኝ» አለኝ።

«ቀኑን አላውቀውም፤ ጠዋት ነበር» አልኩት። ሳቀብኝ። ይሳቅ፤ ትምህርት ቤት ላልገባሁት ለእኔ ዴት ከየት ይመጣል።

ያደግሁት ሞያሌ ነው፤ አባቴ የድንበር ፖሊስ ነበር። ከተማዋን ከሚከፍላት ሸለቆ ወዲህ የእኛ አገር፣ ማዶው እንግሊዝ የሚገዛው ኬንያ። እኛ ልጆቹ ለስኳርም ለሳሙናም እየተላክን እንሻገር ስለነበር፣ ወሰን መሆኑንም ልብ አንለው። ማዶ፣ አንድ ሱቅ በረንዳ ላይ፣ ፉንዲ የምንላቸው ልብስ ሰፊ ነበሩ። ፉንዲ በነሱ ቋንቋ ባለሙያ ማለት ነው፤ ስማቸውን ዛሬም አላውቀው። አገራቸው ሩቅ ነው፣ ደጋ። መሬታችንን መልሱ ብለሃል ብለው እንግሊዞቹ አሰሯቸው፤ ሲፈቷቸውም ከዚያ ከሞያሌ በረሃ ንቅንቅ እንዳይሉ ፈረዱባቸው። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት፣ ሜትራቸው አንገታቸው ላይ እንደተንጠለጠለ፣ ከሱቁ ፊት ለፊት ያለው የመንግሥት ቢሮ ደጃፍ ላይ ኮፍያቸውን አውልቀው፣ «አለሁ» ብለው ይመለሳሉ። ከዚያ የዚያኑ መንግሥት ካኪ ሲሰፉና ሲተኩሱ ይውላሉ።

እናቴ፣ «ፉንዲ፣ ሚስትህ ይሄኔ ሌላ አግብታ ይሆናል» ስትላቸው፣ መርፌውን ከከንፈራቸው አውጥተው፣ በተሰባበረ አማርኛቸው፣ «ማን ይደፍራታል! ምላሷን አታውቂው» ይሏታል። ስቀው ሲያበቁ ግን ዓይናቸው መንገዱ ላይ ይቀራል።

ያን ጠዋት እናቴ የተጀመረውን የገና ቀሚሴን ልታስለካኝ ወሰደችኝ። ማዶ ከበሮ ሲመታ አድሯል፤ ባንዲራውም ተለውጧል። ፉንዲ ግን እንደ ልማዳቸው ከስፌት መኪናቸው ተነስተው ቢሮው በር ላይ ቆሙ። ኮፍያቸውን አወለቁ።

«አለሁ።»

በሩን የሚጠብቀው ወጣት ፖሊስ፣ የአገሩ ልጅ፣ ፉንዲ ራሳቸው የሰፉለትን ካኪ እንደለበሰ ሳቀ። እናቴ ቋንቋቸውን ትሰማ ስለነበር በጆሮዬ ነገረችኝ።

«ሽማግሌው፣ ለማን ነው የምትናገረው? እንግሊዙ እኮ ሄዷል!»

«ታዲያ፣ ቤቴ መሄድ እችላለሁ?»

«ማንን ነው የምትጠይቀው?»

ፉንዲ ቀና ብለው አዲሱን ባንዲራ አዩ። የልጁም ሳቅ ጠፋ። ከዚያ ኮፍያቸውን እዚያው በሩ ፊት አጠለቁና፣ ወደ በረንዳው ሳይሆን የጭነት መኪኖች ወደሚቆሙበት ቁልቁል ወረዱ።

«ፉንዲ! የልጅቷ እጅጌስ?» እናቴ ጮኸች።

ቀሚሴ አንድ እጅጌ ብቻ ገብቶለት ነበር። ዞር አላሉም። እኔ አለቀስኩ። ቅምቅማቱ ትንሽ ተጣመመ ብላ ከሰፊ ጋር የምትጣላዋ እናቴ፣ ቀሚሱን ከመርፌው ስር ቀስ ብላ አወጣችውና አጥፋ ደረቷ ላይ ያዘችው።

«ዝም በይ። ሰውየው ቤቱ ሊገባ ነው።»

ሌላ ሰፊ እንዲነካውም አልፈቀደች። የዚያን ዓመት ገና እንዲያው ለብሼው፣ አንድ ክንዴን ፀሐይ ሲመታው ዋልኩ።