የምትጮኸው ሳጥን

ዛሬ አርብ ረፋድ ላይ በምኖርበት ሰፈር በኤም ሃሞሻቮት መብራት ሲጠፋ፣ ከጠረጴዛዬ ሥር ያለችው የባትሪ ሳጥን ጢጥ ጢጥ አለች። ኮምፒውተሬ ግን አልጠፋም። ድምፁ ማሃኔ የሁዳ ሰፈር ወደነበረው የልጅነት ቤታችን ወሰደኝ።

ያኔም አርብ ነበር። እናቴ የሰንበት ዳቦዋን ምድጃ ውስጥ ከትታ፣ እንደ ልማዷ የውሃውንም የክፍሉንም ማሞቂያ ባንዴ ስትከፍት ቤቱ ድርግም አለ። እኔ የትምህርት ቤት ጽሑፌ ጠፋ ብዬ ጮህኩ። አባቴ ከሚሠራበት ፋብሪካ ተጥላ አግኝቶ ያመጣት ሳጥንም አብራኝ ትጮሃለች፤ ስክሪኑ ግን እንደበራ ነው።

«አይጠፋም ማለት ነው?» አልኩት።

«ይጠፋል እንጂ! ይቺ የምትሰጥሽ ትንሽ ጊዜ ነው። ጽሑፍሽን አስቀምጪና ራስሽ ዝጊው።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እኛ ከአገር ቤት መንደራችን በድንገት ስንወጣ እንዲህ የሚጮህልን አጥተን፣ እናቴን ሳልሰናበታት ቀረሁ።»

ሳጥኗንና አያቴን ምን እንዳገናኛቸው ያኔ አልገባኝም ነበር።

ዛሬ ሥራዬን አስቀምጬ ኮምፒውተሩን ዘጋሁና ደወልኩለት።

«አባዬ፣ ሳጥኗ ጮኸች።»

«ሳይጠፋ ደረስሽ?»

«ደረስኩ።»

«በሰደር፣ ደግ ነው። በይ ነይ፣ የእናትሽ ዳቦ ሳይበርድ።»