ወርቃማው ሬሾና የጫማ ማውለቂያው አግዳሚ

የጥንት ግሪኮች ቤተ መቅደሶቻቸውን ወርቃማው ሬሾ በሚሉት የወርድና የርዝመት ምጣኔ አልሠሩም። አውቃለሁ፣ ትምህርት ቤት ሌላ ተምረዋል፣ ቪዲዮም አይተዋል። ሬሾውን የሂሳብ ሰዎቻቸው ያውቁት ነበር፤ ግንበኞቻቸው ተጠቀሙበት የሚል ከዘመኑ የተረፈ ጽሑፍ ግን የለም። የአቴናው ዝነኛ ቤተ መቅደስ የፓርተኖን ወለል ወርዱ ለርዝመቱ አራት ለዘጠኝ፣ ማለትም አንድ ለሁለት ከሩብ ነው። ወርቃማው አንድ ለአንድ ነጥብ ስድስት ገደማ ስለሆነ አይገናኙም።

ይህንኑ ቶሮንቶ ባለው ቤተ ክርስቲያናችን ቤዝመንት፣ ከቅዳሴ በኋላ በተደረገ ስብሰባ ላይ ተናግሬ ነበር። ሕንፃው ድሮ መጋዘን ነበር። መግቢያውን የሚያድስልን ወጣት መሐንዲስ የፓርተኖንን ፎቶ በፕሮጀክተር አሳየንና በወርቃማው ሬሾ የተሠመረ ቢጫ አራት ማዕዘን አሳረፈበት። የእኛም መግቢያ በዚሁ ልክ ሊጠብ ነው። በዲዛይኑ ላይ ግን ግድግዳውን ይዞ የቆመው ረጅሙ አግዳሚ ወንበር የለም። እናቴ ክረምት ላይ በረዶ የያዘ ቡትሷን የምታወልቀው እሱ ላይ ተቀምጣ ነው። ቆማ ማጎንበስ አትችልም። አግዳሚው ከተነሣ እሑድን ኢስት ዮርክ፣ ቤቷ መዋሏ ነው።

«ቢጫው መስመር የሚጀምረው ከየትኛው ደረጃ ነው?» አልኩት። «ፓርተኖን ሥር ካሉት ሦስት ደረጃዎች የሚመችህን መርጠህ ነው የገጠመልህ።»

«ጋሼ፣ እርስዎ ፀሐይ ወጣች ቢባልም ይቃወማሉ» አለኝ። ቤቱ በሙሉ ሳቀ። አልፈርድባቸውም።

እናቴ እጇን አወጣች። «ልጄ፣ እነዚህ ግሪኮች ጫማቸውን የት ነው የሚያወልቁት?»

መሐንዲሱ ዞሮ ፎቶውን አየ። «እማማ፣ አያወልቁም መሰለኝ።»

«ምን ጨነቃቸው፣ ስኖው የላቸው!» አሉ ከኋላ አንድ ሽማግሌ።

እንደ ስብሰባዎቻችን ሁሉ ማንንም የማያስደስት ነገር ተወሰነ፤ መግቢያው ጠበበ፣ አግዳሚውም በግማሽ አጠረ። አሁን እንግዳ በመጣ ቁጥር «ሬሾው እንዴት ያምራል!» ይላል። መልስ መስጠት ከተውኩ ቆየሁ፤ ደከመኝ። የቀረችው ግማሽ አግዳሚ ላይ ደግሞ ኮት ይከመርባታል። ባለፈው እሑድ እናቴን አንድ ቡትስ አውልቃ፣ ሌላውን እንዳጠለቀች፣ ግድግዳ ተደግፋ ቆማ አገኘኋት። ቅዳሴው ገብቷል።

ስለ ግሪኮች የፈለጉትን ይመኑ። ኮትዎን ግን ከአግዳሚው ላይ ያንሱ።