አሥር ሰው፣ ሁለት ከተማ

በሠራሁበት መዋዕለ ሕፃናት አንዲት ልጅ ቁጥር አታውቅም ተባለች። ታውቅ ነበር። የጎደላት ጣት ነው። እናቷን ጠርተው ይህንኑ ነገሯትና ልጅቷን ከእኩዮቿ ለይተው ክፍል ሊያስደግሟት ወሰኑ። ይህ በደል ነው። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ቢያቆምም እስክሪብቶ ያነሳሁት በደሉ ተጽፎ እንዲቀመጥ ብዬ ነው። በየመዋዕለ ሕፃናቱ ለምትሠሩ ሞግዚቶችና ወጣት መምህራን ደግሞ ነገሩ ከመጀመሪያው ቢነገራችሁ ይሻላል።

ሥራ የጀመርሁ ዕለት ሰማያዊ ጋዋን፣ አንድ ጥቅል ሶፍትና አንድ ትእዛዝ ተሰጠኝ። ቦታው ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ነው። ትእዛዙን የሰጠኝ ርዕሰ መምህሩ አቶ በለጠ ነበር፤ በዕድሜ ከመጨረሻው ልጄ ጋር እኩያ ነው።

“እማማ ፋጡማ፣ የሞግዚት ሥራ ከአንገት በታች ነው” አለኝ። “ሽንት ቤት ማድረስ፣ ጫማ ማሰር፣ አፍንጫ መጥረግ። ከአንገት በላይ ያለው የመምህራን ነው።”

“አፍንጫ ከአንገት በታች የሆነ መቼ ነው ልጄ?” አልሁት።

ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ትእዛዙ ግን እንዳለ ቀረ።

ማዕረጉ እንዲህ ነበር። ከላይ ርዕሰ መምህር፣ ቀጥሎ መምህርት፣ ቀጥሎ ረዳት መምህርት፣ ከዚያ ሞግዚት። ከሞግዚት በታች ጥበቃው ብቻ ነው፤ እሱም “የበሩ ቁልፍ እኔ ዘንድ ነው” እያለ ከሞግዚት በላይ ነኝ ይል ነበር።

እኔ የተመደብሁት ኬጂ ሦስት ነው። በዓመቱ መጨረሻ አንደኛ ክፍል የሚገቡት እነሱ ናቸው። መምህርታቸው ቲቸር ሰናይት ትባላለች። ወጣት ናት፣ እጇ ስዕል ይችላል፣ ድምጿ ግን ሁልጊዜ የሰለለ ነው፤ ያን ሁሉ ልጅ ብቻዋን ይዛ ባይሰልል ነበር የሚገርመኝ።

ልጆቹ ቀድሞ የሚቆጥሩት በባቄላ ነበር። አንዱ ባቄላውን አፍንጫው ውስጥ ከቶ ጤና ጣቢያ ተወሰደ። ይዤው የሮጥሁት እኔ ነኝ። ወላጆች ጮኹ። በማግሥቱ አቶ በለጠ ክፍል ድረስ መጥቶ “ባቄላ ቀርቷል፤ በጣት ይቁጠሩ” አለ። ብዙም ሳይቆይ የልጆች መመዘኛ ወረቀት ላይ “አሥርን በጣቶቹ ያሳያል” የሚል መስመር ገባ። ያኔ ማንም አልተቃወመም። ባቄላው አስደንግጦን ነበር።

በዓመቱ ሀያት መጣች። ቤተሰቦቿ ከገራዶ መጥተው እኛው ሰፈር ቤት ተከራይተዋል። እናቷና አጎቷ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ስለሚሠሩ በየማለዳው በሚኒባስ ይወርዳሉ፤ ሀያትን የምታመጣት አያቷ ናት። ልጅቷ ግራ እጇ ላይ ያሏት ሁለት ጣቶች ብቻ ናቸው። ስትፈጠርም እንዲሁ ናት።

ቲቸር ሰናይት “አሥር!” ስትል ክፍሉ በሙሉ ሁለት እጁን ይዘረጋል። ሀያት ግራ እጇን ሹራቧ ውስጥ ትከታለች። አብዱ የሚባል ምላሰኛ ልጅ ነበረን። አንድ ቀን እጇን አይቶ ቆጠረና “ሰባት! ሀያት ሰባት ናት!” ብሎ ጮኸ። ከዚያ በኋላ “ሰባት መጣች”፣ “ሰባት ምሳዋን በላች” ሆነ።

አብዱን ጥግ ወሰድሁት። የፊት ጥርሶቹ ያኔ ወልቀው ነበር።

“እኛስ አንተን ወላቃው እንበልህ?”

“የኔ እኮ ይበቅላል እማ ፋጤ።”

“የሷ አይበቅልም። ስለዚህ አፍህን ያዝ።”

አፉን ያዘ። ሀያት ግን እጇን ከሹራቧ አላወጣችም።

በግማሽ ዓመቱ ወላጆች ሲጠሩ የሀያት እናት ከሥራ በቀጥታ መጣች፤ ፀጉሯ ላይ የጥጥ ብናኝ ነበር። አቶ በለጠ ወረቀቱን እያየ “ልጅሽ ቁጥር አልለየችም። ኬጂ ሦስትን ብትደግም ነው የሚሻላት” አላት። በር ላይ ቆሜ እሰማለሁ። ሌሎች ወላጆችም ይሰማሉ። ሴትዮዋ ልጇን አየች፣ መሬቱን አየች፣ “እሺ” አለች። እሺታዋ አንገበገበኝ። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

ሰዉ ሲበተን ቢሮው ገባሁ።

“አንተ፣ ይህች ልጅ አሥር ጣት የላትም። አሥር ጣት አሳዪ ትላታለህ። ከየት ታምጣው?”

“እማማ፣ መመዘኛው ለሁሉም አንድ ነው። ለአንድ ልጅ ብለን ብንለውጠው አድልዎ አይሆንም?”

“ወላሂ፣ አድልዎስ አሁን ያለው ነው!”

ክፉ ሰው አይደለም። ብዙ አሰበና “በሰኔ እንደገና ትፈተን። ካለፈች ከጓደኞቿ ጋር ትሄዳለች፤ ካላለፈች ግን ትደግማለች፤ ያኔ እንዳይቆጡኝ” አለኝ። አልቆጣም አላልሁትም።

ቲቸር ሰናይት ነገሩ ከኔ ባልተናነሰ ከንክኗታል። “እኔም በጣት ማስተማሩን አልወደድሁትም” አለችኝ። “ልጆቹ አሥርን ያያሉ፤ አሥር ከምንና ከምን እንደሚሆን ግን አያውቁም። ሦስትና ሰባት፣ ስድስትና አራት፣ ያን ካላወቁ አንደኛ ክፍል መደመር ይጨንቃቸዋል። እርስዎ ተረት ያውቃሉ። እኔ ልሳል፣ እርስዎ ያውሩ።”

ተረቱንስ የልጅ ልጆቼን ሳስተኛ የኖርሁበት ነው። እሷ አሥር ብርቱካንና ሁለት እህትማማቾች ሳለች። እኔ ጀመርሁ።

“ተረት ተረት።”

“የመሠረት!”

“ሁለት እህትማማቾች አሥር ብርቱካን አገኙ። ትልቋ ሰባት ወሰደች። ትንሿ ሦስት ደረሳት። ሁሉም ሲሰበሰብ ስንት ነው?”

ከፊት የተቀመጠችው ልጅ ተነስታ “ትልቋ ሌባ ናት” አለች።

“ትመልስላት!” አለ አብዱ።

“ግፍ ነው!” አለ ክፍሉ በሙሉ።

“እሺ፣ ግፉ እንዳለ ሆኖ፣ ሰባትና ሦስት ስንት ነው?” አለች ቲቸር ሰናይት።

“አምስት አምስት!” አሉ። ከዚያ ወዲያ ፍንክች የለም። ስድስትና አራት አድርገን ብንሞክር ያው ሆነ። እውነቴን ነው፣ እኔም ከነሱ ጋር ነበርሁ፤ ለትንሿ ሦስት ብቻ ስሰጥ አንጀቴ እንቢ ብሎኛል።

ሰናይት ጠመኔዋን አስቀምጣ ሳቀች። “እትየ ፋጤ፣ እርስዎና እነዚህ ልጆች እኩል ካልተካፈላችሁ አትቆጥሩም ማለት ነው?”

“ታዲያ ግፍ ልናስተምራቸው ነው?” አልኋት። ሁለታችንም ማንም ሳይበደል አሥር ለሰባትና ለሦስት የሚለይበትን ነገር መፈለግ ጀመርን። ቀላል አልነበረም። እንቁላል አሰብን፣ ዶሮ አሰብን፤ ሁሉም የአንድ ሰው ድርሻ ሆኖ ያርፋል።

መፍትሔው ከሀያት መጣ። አንድ ጠዋት የጫማዋን ክር እያሰርሁላት ወሬ ልያዝ ብዬ “ቤታችሁ ስንት ናችሁ?” አልኋት።

“አምስት።”

“አሁን ቤት ያሉትስ?”

“አምስት ነን እኮ” አለች፤ ምን ያልገባት ሴትዮ ናት በሚል ዓይን አየችኝ። “እናቴና አጎቴ ኮምቦልቻ ናቸው። እኔ፣ ህፃኑና አያቴ ደሴ ነን። አምስት ነን።”

ክሩን በእጄ እንደያዝሁ ቀረሁ። ሁለትና ሦስት አምስት ነው ያላት ማንም የለም። እናቷ በየቀኑ ትወርዳለች፣ በየማታው ትወጣለች፤ ብትወርድም ከቤተሰቡ አትጎድልም። ልጅቷ ቆጠራውን የያዘችው በዚያ ነው።

“ሰናይት! ነይማ!” ብዬ ጮኽሁ። ልጅ ወደቀ ብላ እየሮጠች መጣች።

በዚያው ሳምንት የትልቅ ቴሌቪዥን ካርቶን ለምነን አመጣን። ሰናይት ከላይ ደሴን ሳለች፤ ጦሳ ተራራ፣ ቤቶች፣ ሹራብ የለበሰ ሰው። ከታች ኮምቦልቻን ሳለች፤ ፀሐይ፣ የፋብሪካ ጭስ መውጫ፣ የሚያርፍ አውሮፕላን። በመሐል የሚጠማዘዘውን መንገድ ከነሚኒባሱ አደረገች። አሥር ሰዎችን በካርቶን ቆርጣ ቀለም ቀባቻቸው። ስም ያወጡላቸው ልጆቹ ናቸው፤ ሙሄ፣ ከድጃ፣ ወለተ፣ ሹፌሩ ጀማል፣ እያሉ። አሥሩም የአንድ ግቢ ጎረቤቶች ናቸው።

ተረቱ በየቀኑ ይለወጣል። ዛሬ ሰባቱ ሥራ ወረዱ፣ ሦስቱ ቀሩ። ነገ ሠርግ አለ፣ ስምንት ይወርዳሉ። ዓርብ ለጁምዓ የሚወጣ አለ፣ እሁድ ለቅዳሴ የሚቀር አለ። ማንም ግፍ ነው አላለም። ሥራው የጠራው ይወርዳል፣ ቤት የሚጠብቅ ይቀራል፤ ግቢው ያው የአሥር ሰው ግቢ ነው።

ጉሙ የሰናይት ሐሳብ ነው። ነጠላዬን ከትከሻዬ ወሰደችና ደሴ ያለበትን ግማሽ ሸፈነችው። “ጉም ወረደ! ደሴ አይታይም። ኮምቦልቻ ያሉት አራት ናቸው። ጉሙ ውስጥ ስንት ሰው አለ?”

“ስድስት!” አለች ሀያት፤ ክፍል ውስጥ ሳትጠራ ስትመልስ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማኋት።

ነጠላው ተገለጠ። ስድስት። ልጆቹ አጨበጨቡ። ከዚያ በኋላ ሳይጠየቁ “ጉም! ጉም!” እያሉ የሚጮኹ ሆኑ።

አንድ ቀን አሥሩንም ኮምቦልቻ አወረድናቸው።

“ደሴ ስንት ቀረ?”

“ባዶ!”

“ውሻው አለ” አለ አብዱ።

“ውሻ አንቆጥርም።”

“ታዲያ ግቢውን ማን ሊጠብቅ ነው? ውሻው አንድ ነው።”

“ካልሳልሁት የለም” አለች ሰናይት። አብዱ ግን እስከ ምሳ ድረስ ተሟገተ። አሥርና ባዶ አሥር እንደሆነ በዚያ ክርክር ያልገባው ልጅ አልነበረም።

ሰኔ ደረሰ። አቶ በለጠ ወረቀቱን ይዞ መጣና የልጆች ወንበር ላይ ተቀመጠ፤ ጉልበቱ አገጩ ሥር ደረሰ። ስዕሉ ፊቱ ወደ ግድግዳ እንዲዞር አዘዘ፤ ፈተና ነውና። እኔ በር ላይ ነኝ፣ ቃል እንዳልተነፍስ ተነግሮኛል።

“ሀያት፣ አሥርን በጣቶችሽ አሳዪኝ።”

ወረቀቱ ያለውን ነው ያነበበው። ሀያት ወደ ዞረው ካርቶን አየች። ቲቸር ሰናይት ከንፈሯን ነክሳለች። ያን ሁሉ ወር የለፋነው በአንድ መስመር ሊቀር ነው አልሁ በሆዴ። ልጅቷ ግራ እጇን ከሹራቧ ቀስ አድርጋ አወጣችና ሁለቱንም እጆቿን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋቻቸው።

“እዚህ ሰባት አሉ” አለች። “ሦስቱ ኮምቦልቻ ናቸው።”

“ልክ ናት!” አለ አብዱ ከኋላ።

አቶ በለጠ ቀና ብሎ ሰናይትን አየ። “ይቀጥሉ፣ ይጠይቋት” አለችው።

“ሦስቱ ቢመጡ ስንት ይሆናሉ?”

“አሥር።”

“ሦስቱ እዚያው ሆነው፣ ከእነዚህ ከሰባቱ ደግሞ ሁለቱ ቢወርዱ?”

ሀያት ሁለት ጣቶች አጠፈች። “እዚህ አምስት፣ ኮምቦልቻ አምስት። እኩል ሆኑ።”

ሌላም ሌላም ጠየቃት። በመጨረሻ እስክሪብቶውን አንስቶ “አልፋለች” አለ። ሰናይት ፊቷን ወደ ሰሌዳው አዞረች። እኔ አልሀምዱሊላህ አልሁ፤ ቃል አይተንፍሱ የተባልሁት እስከ ፈተናው መጨረሻ ነው።

ነገር ግን ተከትዬው ወጣሁ። “አንተ፣ እሷስ አለፈች። መስመሩ ግን ወረቀቱ ላይ እንዳለ ነው። የሚመጣው ልጅ እጅ ባይኖረውስ? ደግሞ ሰው ፊት ለእናቷ የተናገርኸውን ማን ነው የሚያነሳላት?”

“እማማ፣ አለፈች እኮ። ምን ቀረ?”

“ያልሁህ ቀረ።”

“እሺ፣ እናያለን።”

ክረምቱን ዳቦ ቤትም ታክሲ ተራም ባገኘሁት ቁጥር “አየህ?” እለዋለሁ። “እያየን ነው” ይለኛል። አንዳንዴ ከሩቅ ሲያየኝ መንገድ ያቋርጥ ነበር። እኔም አቋርጣለሁ።

እኔ ከሥራው የያዝሁት አንድ ነገር ነው። ልጅ አያውቅም ከማለታችሁ በፊት አጠያየቃችሁን ቀይሩና እንደገና ጠይቁ።

መስከረም ላይ፣ የምዝገባ ዕለት፣ አንድ የሚያለቅስ አዲስ ልጅ ይዤ ቁጭ ብያለሁ። አቶ በለጠ ከቢሮው ወጥቶ አጠገቤ ቆመ። እኔ ምንም ሳልለው እሱ ቀደመኝ።

“እማማ ፋጡማ፣ አይተናል። ‘በጣቶቹ’ የሚለው ወጥቷል፤ ልጁ በሚችለው ነገር ያሳያል። እናቷንም ቤቷ ሄጄ፣ ልጅሽ ቁጥር ታውቅ ነበር፣ የተሳሳትነው እኛ ነን ብያታለሁ።”