ለስልክ ውሻ የተሳልኩት ጃንጥላ

ይህን ታሪክ ሳወራ ሰው ይስቃል። እኔም አብሬ እስቃለሁ፤ ግን ሁልጊዜ ግማሹን አስቀርቼ ነው የማወራው። ዛሬ ሙሉውን ልጻፈው።

ወሰን ሰፈር ውስጥ ልብስ እሰፋለሁ። መብራት ሲጠፋ ማሽኑ ይቆማል፣ እጄም ሥራ ይፈታል። አብራኝ የምትኖረው የእህቴ ልጅ፣ «ቁጭ ብለሽ ከምትቆዝሚ» ብላ ስልኬ ላይ ጌም ጫነችልኝ። የውሻ ውድድር ነው። ተጫዋቾች ከየአገሩ በኢንተርኔት ተገናኝተው የየራሳቸውን የስልክ ውሻ ያራባሉ፣ ፀጉሯን ያበጥራሉ፣ አረማመድ ያስተምሯታል፣ ከዚያ ዳኞች ፊት ያቀርቧታል። እንግሊዝኛውን ከመዝገበ ቃላት ላይ አንድ በአንድ እየለቀምኩ ተማርኩት።

ልብ በሉ፣ እኔ የእውነቱን ውሻ እፈራለሁ። የጎረቤቴ ውሻ ሲጠጋኝ ቀሚሴን ሰብስቤ እሮጣለሁ። የስልኳ ግን ነጭ ናት፣ ፀጉሯ መሬት ይጠርጋል፣ ስጠራት ጅራቷን ትቆላለች። ሁለት ዓመት አሳደግኳት። ለትልቁ ውድድር ስትቀርብ፣ መቀሱ በእጄ እንዳለ፣ ከአፌ አመለጠኝ፦ «እመቤቴ፣ አንደኛ ካደረግሽልኝ ለንግሥሽ ጃንጥላ አስገባለሁ!»

አሸነፈች። ከውሾቹ ሁሉ በላጭ ተባለች፤ የወርቅ ዋንጫ ስልኩ ላይ ተሽከረከረ። እኔም ብድግ ብዬ እልል አልኩ። ቀሚስ ልትለካ የመጣች ደንበኛዬ ደንግጣ፣ «ምነው፣ ሙሽራ መጣ እንዴ?» አለችኝ።

ደስታው እስከ ማታ እንኳ አልቆየልኝም። ስእለት ነዋ! ተስሎ መቅረት እንደሌለ ከልጅነቴ አውቃለሁ።

«ለውሻ እኮ ነው የተሳልኩት» አልኳት የእህቴን ልጅ።

«እመቤታችን ለተጠማ ውሻ በወርቅ ጫማዋ ውኃ አጠጥታ የለም እንዴ?»

«እሱ የተጠማ ውሻ ነው። የእኔዋ መቼ ይጠማታል?»

«ባትሪ ሲያልቅ ነዋ፣ አክስቴ!»

ጃንጥላውን በእጄ ሠራሁት። ቀይ ከፋይ ገዛሁ፣ ዙሪያውን ወርቃማ ዘርፍ ሰፋሁበት። በሕይወቴ እንደዚያ ተጠንቅቄ የሰፋሁት ነገር የለም። የንግሡ ዕለት ነጠላችንን አጣፍተን፣ ጃንጥላውን በአንሶላ ጠቅልለን፣ በባሕር ዛፉ መሃል ወደ እንጦጦ ወጣን።

ስእለት ያለበት ሰው በተራ ይሰለፋል። ለካህኑ ያመጣውን ያስረክባል፣ የተደረገለትንም ቀስ ብሎ ይነግራቸዋል፤ እሳቸው በድምፅ ማጉያ ለሕዝቡ ያሰማሉ። ይህን ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም፤ ለእኔ እንደሚደርስ ነው ያላሰብኩት። ከፊቴ የነበሩት ሽማግሌ ዓይናቸው በርቶላቸው ነው የመጡት። ከእሳቸው በፊት የነበረችው ሴት ዐሥር ዓመት ልጅ ስትለምን ኖራ መንታ ታቅፋለች። ተራዬ ደረሰ።

«ምን ተደረገልሽ፣ ልጄ?» አሉኝ ካህኑ።

እስኪ አሁን «ውሻዬ አሸነፈችልኝ» ይባላል? ዞር ስል የእህቴ ልጅ ማስቲካ እያኘከች ቆማለች። ክንዷን ያዝኩና፣ «ይቺ ልጅ… ሐኪሞች ተስፋ ቆርጠውባት ነበር፤ ዳነችልኝ» አልኩ።

ካህኑ አመኑኝ። ለምን አያምኑኝ? በማጉያው ሲያሰሙት ግቢው በእልልታ ተናወጠ። ሴቶች እየመጡ የልጅቷን ጉንጭ ሳሙ፤ አንዷ እያለቀሰች ነበር። ከሰልፉ ስንወጣ ጆሮዬ ሥር፣ «እኔ መቼ ነው የታመምኩት?» አለችኝ።

«ዝም በይ፣ ሰው ይሰማሻል።»

«አሟርተሽብኝ ዝም ልበል?»

ወዲያው አንዲት ሴት ልጇን ደግፋ ተከትላን ደረሰች። ልጅቷ ዐሥራ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው፤ ግንባሯ ላይ የድሮ ቁስል ጠባሳ አለ።

«እህቴ፣ እንኳን ማረልሽ። በምንድን ነው የዳነችው? በጠበል ብቻ ነው ወይስ ክኒንም ትወስድ ነበር? የእኔዋን የሚጥል በሽታ ነው የያዛት። ክኒኑ አደከማት፣ ስትተኛ ትውላለች። የአንቺ በጠበል ብቻ ከሆነ እኔም ከዛሬ ጀምሮ ላቋርጠው።»

እግዜር ያሳያችሁ። የማመልጥበት አጣሁ።

«እንዳታቋርጪ» አልኳት። «ውሸቴን ነው። ይቺ ልጅ ታማ አታውቅም።»

«እና ጃንጥላው?»

«ለውሻ ነው።»

«የታመመችው ውሻሽ ናት?»

«አልታመመችም። ስልክ ውስጥ ናት። ጌም ናት፤ ውድድር አሸንፋ ነው።»

አልገባትም። የእህቴ ልጅ ስልኩን ከፍታ አሳየቻት፤ ነጯ ውሻዬ ከዋንጫዋ አጠገብ ቆማ ጅራቷን ትቆላለች። የታመመችው ልጅ ፈገግ አለች። እናቷ ግን የምታየው እኔን ነው።

«እኔ እኮ እንደ አንቺ ጃንጥላ ልሳል ነበር» አለች በቀስታ።

«ክኒኑን እንዳትተዪባት፤ በእመቤቴ ይዤሻለሁ።»

«አንቺስ ስሟን አትጥሪ» አለችኝና ልጇን ይዛ ሄደች።

የእህቴ ልጅ፣ «ተመለሺና ለአባም ንገሪያቸው፤ በማይኩ ያስተካክሉት» አለችኝ። ልክ ነበረች። ጥቂት ተራመድኩ። ሰልፉ ገና አላለቀም፤ ካህኑ የሌላ ሰው ስእለት እያሰሙ ነው። ሰው ሁሉ ዞር ብሎ ሲያየኝ ታየኝና እግሬ ቆመ። ነጠላዬን ፊቴ ላይ ሳብ አድርጌ ቁልቁለቱን ያዝኩት።

ይኸው ነው ሳወራ የማስቀረው ግማሽ። ያ ግቢ ጢም ብሎ ነበር፤ ሁሉም ሰምቷል። ያቺ እናት ስለጠየቀችኝ እውነቱን አወቀች። ሳይጠይቁኝ ወደየቤታቸው የገቡትን አላውቃቸውም።