የኪራይ መኪናዬና የእህቴ ፀጉር

መኪና አለኝ ብዬ ዋሽቼ አላውቅም። ይህን ስናገር ባለቤቴ ትስቃለች፤ ነገሩ ግን እውነት ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በኢድ ቀን፣ ሮተርዳም የምንኖርበት ሕንፃ ሥር ቆሜ ፎቶ ተነሣሁ። ከኋላዬ የጎረቤቴ ቀይ መኪና ነበረች። ክርኔን ጣሪያዋ ላይ ጣል ማድረጌን አልክድም። ፎቶው ደሴ ሲደርስ ዘመድ ሁሉ «እንኳን ደስ ያለህ» አለኝ፣ እኔም «እንኳን አብሮ ደስ ያለን» ብዬ መለስኩ። ለኢድ የሚባለው «ኢድ ሙባረክ» መሆኑን ያን ቀን ረስቼው ነበር ብል የሚያምነኝ የለም።

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ። የእኔው ግን እያደር ጎማ አወጣ፣ ሞተር አወጣ። እንግሊዝ አገር የምትኖረው ታላቅ እህቴ በደወለች ቁጥር «መኪናዋስ?» ትለኛለች፤ እኔም የልጅ ጤንነት እንደተጠየቀ ሰው «ደህና ናት፣ አልሐምዱሊላህ» እላለሁ። ስልኩን ዘግቼ ብስክሌቴ ላይ እወጣና ወደብ ዳር ወዳለው መጋዘን እሄዳለሁ። እዚያ ስምንት ሰዓት ሙሉ ዕቃ የሚያነሣ ፎርክሊፍት እነዳለሁ፤ ስለዚህ ሹፌር መሆኔስ ሐሰት አልነበረም።

ባለፈው ዓመት እህቴ ደውላ በመርከብ ልመጣ ነው አለችኝ። አንዲት አሮጊት እንግሊዛዊት ወዳጇ ለሽርሽር ጋብዛታለች። መርከቡ በሰሜን ባሕር ወደቦች እየዞረ ሮተርዳም ላይ አንድ ቀን ይቆማል፤ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ወርዳ አስራ አንድ ሰዓት ላይ መመለስ አለባት። እናታችን ስትሞት ለቅሶ ላይ ከተያየን ስምንት ዓመት አልፎናል። «ግን የምመጣው ለአንተ እንዳይመስልህ» አለችኝ እየሳቀች። የምትመጣው ሄግ ላለችው አክስታችን ነበር።

አክስታችንን እትዬ ነው የምንላቸው። እህቴን ከአምስት ዓመቷ ጀምሮ ያሳደጓት እሳቸው ናቸው። ልጃቸው ወደዚህ ካመጣቸው በኋላ ጉልበታቸው እምቢ ብሎ ሄግ አንድ የአረጋውያን መኖሪያ ገቡ፤ አእምሯቸው ግን ከእኔ ይሻላል። እህቴ ልትመጣ መሆኑን ሲሰሙ በስልክ አንድ ነገር ብቻ አዘዟት፤ ፀጉርሽን ማንም እንዳይነካው፣ ሹሩባውን እኔ ነኝ የምሠራልሽ። በልጅነቷ ሁልጊዜ ዓርብ ጠዋት ጉልበታቸው መካከል አስቀምጠው የሚሠሩላት እሳቸው ነበሩ። ጣታቸው እንደ ድሮው አይፈጥንም፤ ሦስት ሰዓት ይፈጃል ብለው ለዙስተሮቹ፣ ማለት ለአስታማሚዎቹ፣ ቀድመው ነግረው ነበር። ያን ቀን ማንም እንዳይመጣባቸው፣ የሚታጠቡበትም ሰዓት እንዲቀየርላቸው አድርገዋል።

ታዲያ ከመርከቡ እስከ ሄግ በምን ይኬዳል? ለባለቤቴ ጥያቄም አልነበረም። መርከቡ የሚቆምበት ቦታ ታክሲዎች ተሰልፈው ይጠብቃሉ፤ አንዱ ውስጥ ግቡና ሄግ በሉት፣ ከግማሽ ሰዓት ብዙ አያልፍም አለችኝ። ታክሲ ካልወደድክ ሜትሮው እዚያው አጠገብ ነው፣ ከዚያ ባቡር አለ። እኔም ታክሲ ወንድም ለሌለው ሰው ነው አልኳት። ወንድምም እኮ ታክሲ ውስጥ መቀመጥ ይችላል አለችኝ። ይህ ለክርክር የማይመች መልስ ስለነበር ተነሥቼ መኪና ልከራይ ሄድኩ።

መኪና የምታከራየዋ ልጅ ሰፊ፣ ግራጫ፣ ያማረ መኪና አሳየችኝ። ቀይ ነው የምፈልገው አልኳት። ግራጫው ይመቻል አለች። ቀይ ካልሆነ አይሆንም አልኩ። ስለ ሞተር አንድም ነገር ሳይጠይቅ ስለ ቀለም እንዲህ የሚሟገት ሰው አይታ የምታውቅ አልመሰለኝም። በመጨረሻ አንዲት ትንሽ ቀይ የኤሌክትሪክ መኪና ተገኘች። ልጅቷ ስለ ቻርጅ ካርዱና ስለ ገመዱ ስታስረዳኝ፣ ፎርክሊፍቴም በባትሪ ነው የሚሠራው፣ አውቀዋለሁ ብዬ ራሴን ነቀነቅኩላት። ፎርክሊፍቱን ማታ ማታ የሚሰካው ሌላ ሰው መሆኑን ያስታወስኩት በማግስቱ ነው። ሌላው ችግር የኋላ መስታወቷ ነበር፤ የአከራዩ ስምና ስልክ ከዳር እስከ ዳር ተጽፎበታል። ለዚህም መላ አገኘሁለት። የትም ስቆም ጀርባዋን ለግድግዳ ሰጥቼ አቆማታለሁ።

ያን ዕለት ማታ እጄን ላፍታታ ብዬ ዴልፍት ከተማ ደርሼ ተመለስኩ። ደስ አለኝና ደግሜ ሄድኩ።

ጠዋት እህቴ ከዚያ ፎቅ ከሚያክል መርከብ ላይ ትንሽ ቦርሳ ይዛ ወረደች። ተቃቅፈን አለቀስን። ሻሿን ገለጥ አድርጋ ያልተነካ ፀጉሯን አሳየችኝና በቀጥታ ወደ እትዬ ነው አይደል የምንሄደው አለች። በቀጥታ አልኳት፤ ብቻ ቤት ቁርስ ቀምሰሽ። ሰዓቷን አየች። እኔ አዲስ ሰዓት ገዝታ እያሳየችኝ መስሎኝ ያምራል አልኳት።

ቁርሱ ከአንድ ሰዓት በላይ ፈጀ። ባለቤቴ ጨጨብሳውን አቅርባ ሁለት ጊዜ በሉ ሂዱ አለችን፤ እኔ ግን እህቴን በረንዳ ላይ አውጥቼ መኪናዋን ከላይ ማሳየት ነበረብኝ። ቀጥሎ ስኪዳም የሚኖሩት ሐጂ አሉ። እናታችን የሞተች ጊዜ ከለቅሶው ተመልሼ ሦስት ቀን ሙሉ ቤቴ ተቀምጠው ያጽናኑኝ ሰው ናቸው። እህቴ መጥታ ደጃቸውን ካለፍን ምን ይሉናል? እዚህ ላይ ታክሲና መኪና የሚለያዩበትን ነገር ልንገራችሁ። በባቡር የሚሄድ ሰው ባቡሩ አለፈኝ ይላል፤ በታክሲ የመጣ ታክሲው ቆሞ እየጠበቀኝ ነው ይላል፣ ይለቀቃል። ባለመኪና ግን በእኛ ዘንድ ምንም ሰበብ የለውም። መኪና ካለህ ጊዜ አለህ ማለት ነው።

ሐጂ ሩዝና ሥጋ አሠርተው ጠበቁን። ገና አምስት ሰዓት አልሞላም። መርከቡ በስንት ሰዓት ነው የሚሄደው ብለው ጠየቋት፣ አስራ አንድ ሰዓት መመለስ አለብኝ አለች። ገና ነው እንግዲህ ብለው ሳህኗ ላይ ጨመሩላት። ልንወጣ ስንል ሁለት ከረጢት ዱቄትና የሕፃን አልጋ አስመጡ። ዴልፍት ያለችው ልጃቸው ወልዳለች፤ ዴልፍት ደግሞ በመንገዳችሁ ነው አሉን። እውነት ነው፣ በመንገዳችን ነው። በዚህ አገር በመንገድህ ያልሆነ ከተማ የለም። ሐጂ ራሳቸው ከፊት ተቀመጡ፤ እህቴ ከኋላ፣ አልጋውን እንደ ልጅ ታቅፋ።

መንገድ ላይ ዝናብ ጀመረ። የመስታወት መጥረጊያው የቱ ጋ እንደሆነ ስፈልግ ሬዲዮ ከፈትኩ፣ ቀጥሎ የወንበር ማሞቂያውን አበራሁ፣ ቀጥሎ የኋላውን መስታወት አጠብኩ። እህቴ ከኋላ ሆና መኪናህን ገና አልለመድካትም እንዴ አለችኝ። ይህች መኪና ብልጥ ናት፣ ብዙ ነገር ታውቃለች አልኳት። አልሳቀችም። ቀስ ብላ በቀጥታ ብንሄድስ አለች። እኔም እያየሁት ነው፣ ገና ነው አልኳት። ሰዓቱን ማለቴ ነበር፤ ባትሪውን ግን አላየሁትም።

አራስ ቤት ደጅ ደርሶ አይመለስም። ይህን የማያውቅ የአገሬ ሰው የለም። ገብተን፣ ሐጂ አጠገቤ ስላሉ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» በማለት ፈንታ «እንኳን በሰላም ተገላገልሽ» ብለን፣ ገንፎ ቀምሰን፣ መርቀን፣ ሐጂን ልጃቸው ጋ ትተን ወጣን። እህቴ ገንፎውን ቆማ ነበር የበላችው። ቁጭ በይ ሲሏት ወገቤን ያመኛል አለች። ወገቧን አሟት እንደማያውቅ አውቃለሁ፤ ግን ባለመኪናነቴ ያን ያህል አስክሮኝ ነበርና ልብ አላልኩትም።

ሄግ ስንደርስ ሰባት ሰዓት ከአስር ሆኖ ነበር። እትዬ ከክፍላቸው ወጥተው፣ ኮሪደሩ ላይ ፊታቸውን ወደ ሊፍቱ አዙረው ተቀምጠዋል። ጭናቸው ላይ ሚዶና ቅቤ የያዘች ብልቃጥ አለች። ዙስተሯ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ጀምሮ እዚያው ናቸው አለችኝ፤ ምሳቸውንም እኩሌታውን ለልጄ ብለው አስቀምጠዋል፤ አይብ የተቀባ ዳቦ፣ በሳህን የተከደነ። እህቴ እግራቸው ሥር ወድቃ ጉልበታቸውን ሳመች። እሳቸው አላለቀሱም። ሻሿን አወለቁላትና «ኑሪልኝ፣ አልነካሽውም» አሉ። ከዚያ ወዲያው ፀጉሯን ከግንባሯ ጀምረው መከፋፈል ያዙ።

እኔ ሊፍቱ በር ላይ ቆሜ ነበር። ጣታቸው ይንቀጠቀጣል፤ ግን ፀጉሩን ሲይዙት ይረጋል። አንዱን ሹሩባ ጨረሱ። ሁለተኛውን ሲጨርሱ እህቴ ሰዓቷን አየች። ሦስተኛው ላይ እጃቸውን ይዛ ሳመችና መሄድ አለብኝ አለቻቸው።

እብድ መሰለችኝ። ገና ከሦስት ሰዓት በላይ ይቀርሻል አልኳት። መርከቡ ሰዓት ቀይሯል፣ አሁን ነው መልእክት የደረሰኝ አለች። እትዬ ያልተሠራውን ፀጉር በእጃቸው ሰብስበው ያዙ፣ ለቀቁት። እኔ ነኝ የማደርስሽ ብዬ ቀድሜ ወረድኩና መኪናዋን ሳስነሣ ፊት ለፊቴ የኤሊ ምስል በራ። የኤሊ ትርጉም በየትኛውም ቋንቋ አንድ ነው። የቀረው ባትሪ እንኳን ሮተርዳም ከግቢው ለማውጣትም ያጠራጥር ነበር። እህቴ አልተቆጣችም። ዙስተሯን ታክሲ ጥሪልኝ ብላ ኖሮ፣ ዳቦውን በወረቀት ጠቅልላ ይዛ ስትወርድ ታክሲው ደረሰ።

ጎንበስ ብላ በመስኮቱ ሹፌሩን አናገረችው። እንግሊዝኛዋ ጥርት ያለ ነው፤ እኔ አጠገቧ ቆሜ እያንዳንዱን ቃል ሰማሁ።

«ስምንት ሰዓት ላይ መርከቡ መድረስ አለብኝ» አለችው። «ተሳፋሪ አይደለሁም፣ የአንዲት አሮጊት አስታማሚ ነኝ። መድኃኒቷን ያለ እኔ አትወስድም። ፈቃድ የሰጠችኝ እስከ ስምንት ብቻ ነው።»

ሹፌሩ ደቂቃውን አይቶ እንሞክራለን ግቢ አላት። ይኸው ነው። የማታውቀው ሰው ስለሆነ እውነቱን ነገረችው፣ እሱም የሚሄድበትን አወቀ። ለእኔ ግን ሽርሽር ነው ብላኝ ነበርና ጠዋት መርከቡ ሥር ቆማ አምስት ሰዓት ብቻ ነው ያለኝ ልትለኝ አልቻለችም። እኔም ለባለመኪናነቴ ስል አልጠየቅኳትም።

ስትሰናበተኝ አቀፈችኝና ጆሮዬ ሥር «መኪናውን ግን በሰዓቱ መልስላቸው፣ ቅጣት አለው» አለችኝ። የኋላ መስታወቱን ገና ከመርከቡ ላይ ሆና አይታው ኖሯል፤ ከፍ ብላ ስለነበረች ግድግዳው አልከለለባትም። ታክሲው ሲዞር ሻሿን ገና አላሰረችውም ነበር። በግንባሯ በኩል ሦስት ሹሩባ፣ የቀረው ፀጉር ብትን።

ወደ ላይ ተመለስኩ። እትዬ ሚዶውን እንደያዙ በመስኮቱ ወደ መንገዱ ያያሉ። ስለ እህቴ ሥራ ልነግራቸው አልደፈርኩም፤ እሱ የእሷ ነው። ስለራሴ ግን ከእንግዲህ መዋሸት ሰለቸኝ፣ አፈርኩም። አጠገባቸው ተቀመጥኩና «እትዬ፣ ያቺ መኪና የእኔ አይደለችም፤ የኪራይ ናት» አልኳቸው።

ዞረው አላዩኝም። ከሚዶው ላይ የእህቴን ፀጉር አንድ በአንድ እያወጡ ጣታቸው ላይ ይጠመጥማሉ።

«እኔ የአንተ ስለሆነች ነው ደጅ ለደጅ ስትዞር የዋልከው ብዬ ነበር» አሉኝ። «በታክሲ ብትልካት ኖሮ ይኼኔ ማጅራቷ ጋ ደርሼ ነበር።»