የሌዲ አይላ ሳህኖች

ሜቪስ ትረገንዛ ዕድሜያቸውን ሙሉ የትምህርት ቤታችንን አውቶቡስ ነድተው ጡረታ የወጡ ሴት ናቸው። በመንደራችን የሳቸውን ቁጣ ሳይቀምስ ያደገ ሰው የለም። ባላቸው ከሞቱ ቆይተዋል። አንድ ልጃቸው የሚኖረው ሩቅ ከተማ፣ ፐርዝ ነው፤ ሲደውል፣ «እማ፣ አንቺ ያለፍሽ ቀን ያንን ኮተትሽን ሁሉ በጭነት መኪና አስጭኜ አስደፋዋለሁ» ይላል። ለሱ ጨዋታ ነው። እሳቸውን ግን እንቅልፍ ይነሳቸዋል፤ ከዚያ ኮተት መሀል አንዲት የሕፃን ጫማ አለቻ።

ጫማዋ የቅድመ አያታቸው የአሊስ ናት። ስደተኛ የጫነች ሌዲ አይላ የምትባል መርከብ፣ እዚሁ ከፊታችን ካለው ቋጥኝ ጋር ተላትማ ስትሰበር፣ ሰዉ አለቀ ማለት ይቻላል። አሊስ በአባቷ ካፖርት እንደተጠቀለለች፣ አንድ እግሯ ባዶውን፣ አሸዋው ላይ በሕይወት ተገኘች። ሟቾቹ ከአሸዋው ክምር ጀርባ ባንድ ጉድጓድ ተቀበሩ፤ ስም የለ፣ ድንጋይ የለ። ባሕሩ ለሰው ያልራራውን ለሸክላ ራርቶ፣ መርከቧ ላይ በጭድ ታሽገው የነበሩትን ጠርዘ ሰማያዊ ሳህኖች ሳይሰብር ተፋቸው። የያኔው ሰው በየቤቱ ተካፈላቸው።

ከዚያ ወዲህ በኛ መንደር ለቅሶም ይሁን ሠርግ ኬክ የሚወሰደው በሌዲ አይላ ሳህን ነው። በሌላ ሳህን መሄድ ነውር ነው። ከሳህኑ ሥር በፕላስተር ላይ የባለቤቱ ስም ይለጠፋል፤ ስም ያለበት ሳህን ታጥቦ ወደ ቤቱ ይመለሳል። አንድም ጠፍቶ አያውቅም።

ሜቪስ የፈለጉት ከሳቸው በኋላ ያቺ ጫማ የምታርፍበት ቤት ነበር። አሮጌው ፖስታ ቤት የመርከቧ ሙዚየም ይሁን አሉ። የወረዳው ምክር ቤትም፣ ግማሹን እናንተ አዋጡ፣ ግማሹን እኛ እንሞላለን አለ። እንግዲህ የመንደሩ ሴቶች በየቅዳሜው መንገድ ዳር ኬክ መሸጥ ያዙ። ዓመት አልፎ ዓመት ሲተካ ገንዘቡ ፈቅ አላለም፤ የራሳችንን ኬክ መልሰን የምንገዛው እኛው ነና።

አንድ ቅዳሜ ከትልቁ ከተማ ከአድሌድ የመጣ ሰው ቆመ። ኬኩን ዞር አድርጎ ሳህኑን ገልብጦ አየ።

«ኬኩ ይቅርብኝ። ሳህኑን ስንት ትሉኛላችሁ?»

«ሳህን ልትበላ ነው?» አሉ ጎረቤታቸው በሪል። «ጥርስህ ሲረግፍ ላንተም እናዋጣልሃለን።»

ሰውዬው የጠራው ዋጋ ግን የወር ኬክ የማያመጣው ነበር። ሜቪስ አላቅማሙም። ስማቸው ያለበትን ፕላስተር ላጡና ሳህኑን ሰጡት። «ለነዚያ ለሰጠሙት ምስኪኖች ነው» አሉ፤ ደስ ብሏቸው ነበር። በሪልም ተከተሉ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሰውዬው መኪና ይዞ መጣ። ሜቪስ ሰጥታ እኔ ልሰስት ያለ አልነበረም፤ የኛ ሰው ከጎረቤቱ አንሶ ከሚታይ ቢሞት ይመርጣል። በየቤቱ ቁም ሳጥን ተራገፈ። የቤተ ክርስቲያኑ ሻይ በወረቀት ሳህን ሲቀርብ እንኳ ምን እያደረግን ነው ያለ የለም።

ግማሹ ሞላ። ምክር ቤቱ አንዲት ወጣት ሠራተኛ ላከ፤ ልጅቷም እነሜቪስ ወጥ ቤት ከሜቪስና ከበሪል ጋር ተቀመጠች።

«ጎበዞች ናችሁ፣ ገንዘቡን አይቻለሁ» አለች። «አሁን ዕቃዎቹን ልያቸው።»

«የምን ዕቃ?» አሉ ሜቪስ።

«ሙዚየሙ ውስጥ የሚቀመጡትን። በየቤቱ የመርከቧ ሳህን አለ ብላችሁን ነበር እኮ።»

ሁለቱ ሴቶች ወደተራገፈው ቁም ሳጥን ዞር አሉ።

«የቆጡን አወርድ ብለን የብብታችንን ጣልን» አሉ በሪል ቀስ ብለው።

ሜቪስ ተነሥተው ጫማዋን አመጡ። ልጅቷ መዳፏ ላይ አድርጋ ብዙ አየቻት። «አንጀት ትበላለች፣ እማማ። በአንዲት ጫማ ግን ሙዚየም አይከፈትም። ለከተማው ሙዚየም ለምን አይሰጧትም?»

«ጠይቄያለሁ። ምድር ቤት መሳቢያ ውስጥ እናስቀምጣታለን አሉኝ። መሳቢያማ እኔም አለኝ።»

ሳህኖቹን ለገዛው ለአድሌዱ ሰው ተደወለለት። ሁሉም ባሕር ማዶ ላለ ሆቴል ተሸጠዋል፤ ግድግዳ ላይ ተሰቅለዋል አለ። መንደሩ ተሰብስቦ እጅ አወጣ፤ ገንዘቡ ለኳስ ሜዳው ሽንት ቤት ዋለ። ይኸው ነው እንግዲህ፤ የሰጠመ ሰው ማስታወሻ ፈልገን ሽንት ቤት አሠራን።

ሽንት ቤቱ የተመረቀ ዕለት ሜቪስ ከቤት አልወጡም። በሪል ሲመጡ ሜቪስን ጫማዋን በብስኩት ቆርቆሮ ከተው፣ ፕላስተር ቆርጠው፣ እስክሪብቶ ይዘው አገኟቸው።

«የማንን ስም ልጻፍበት?» አሉ ሜቪስ። «የኔን ብጽፍ ልጄ ነው የሚደፋው። የአሊስን ብጽፍ ማን ያውቃታል?»

«የኔን እንዳትጽፊ ብቻ። እኔ ካንቺ ቀድሜ ነው የምሄደው።»

 ሜቪስ እስክሪብቶውን ከደኑና ፕላስተሩን ባዶውን ቆርቆሮው ላይ ለጠፉት።